ከግብር ቢሮ የደወለችው

ሰኞ፣ ክረምቱ ወጥቶ የግብር ማሳወቂያው ሊዘጋ ወር ሲቀረው
ከመንገድ ሥራው ካምፕ

ጌታው፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ አለሁ። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ቤት ሠርቷል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

«ለምን አትደውልም?» ብለህ በሹፌሩ የላክህብኝ ደርሶኛል። ምን ልደውል፣ ሆዴ? ኔትወርክ ያለው ድንጋይ የሚወጣበት ካባ አናት ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ስደውልልህም ታውቀዋለህ፤ ግማሹ ይቆራረጣል፣ ግማሹ ጩኸት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ማን ማንን እንዳስቀየመ ሳይታወቅ ሁለታችንም ተኮራርፈን እንዘጋለን። በደብዳቤ ግን አታቋርጠኝም፣ እኔም አላቋርጥህም። ሹፌሩ ለካምፑ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ በወረደ ቁጥር ሱቅህ በር ላይ ነው የሚያልፈው፤ በእሱ እንጻጻፍ።

ቅየሳው ድልድዩ ጋ ደርሷል። አለቃው «ኮንትራትሽን ታራዝሚያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ስሞት!» አልኩት። መንገዱ ሲያልቅ ባንክ ያስቀመጥናት ገንዘብ የሱቁን ክፍል ትገዛልናለች፤ ከዚያ ወዲያ ከኪራይ ተገላግለን እኔም ቤቴ እገባለሁ። እስከዚያ እንደምንም ጥርሴን ነክሼ እቆያለሁ።

አሁን መልስልኝ። የጓዳው ጣራ ተጠገነ? የሆቴሉን ትልልቅ መስታወት ቆርጠህ አስረከብህ? አከራዩን ስለ ክፍሉ ሽያጭ አናገርከው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ግብርህን አሳወቅህ? አምና በመጨረሻው ቀን ሄደህ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲጠብስህ ውለህ፣ ማታ እኔን ነው የተቆጣኸኝ። ዘንድሮ ቀድመህ ሂድ።

ያንተዋ ቀያሽ


ሐሙስ
ከሱቅ

አለቃዬ፣

ለአፍንጫሽ ምሕረቱን ያውርድልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ጣራው ተጠግኗል። የሆቴሉ መስታወት አንድም ሳይሰነጠቅ ተረክበውኛል። አከራዩን ገና አላገኘሁትም።

ግብሩን በተመለከተ ግን ዘንድሮ ኩሪብኝ። ቢሮው ሄጄ ሳልሰለፍ ቢሮው ራሱ ወደ እኔ መጣ! ሰኞ ዕለት ፍሬም እየገጣጠምኩ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከግብር ቢሮ ነው የምደውልልዎ። ምሳ በልተዋል? ካልበሉ ቆየት ብዬ ልደውል» አትለኝም! ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰምቼ አላውቅም። ስሜን፣ የሱቁን ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥሬን ሳይቀር አንድ በአንድ ጠራችልኝ። በድሮ ሒሳብ ላይ ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ ተገኝቶብኛል አለች፤ ቅጣትም አለው። ላቤ ጠብ አለ። እሷ ግን «አይደንግጡ ጋሼ፣ ለደህና ግብር ከፋዮች ምሕረት አለ፤ በዚህ ወር ይዘጋል፤ እኔ አስገባዎታለሁ» ብላ አረጋጋችኝ።

ስሟን መጠየቅ ረሳሁ። ድምፅዋን ብትሰሚው ግን! እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። አትቸኩልም። ስትናገሪ ታዳምጥሻለች፤ ዝም ስትዪም ትጠብቅሻለች። እንዲህ ያሉ ልጆች እዚያ ቢሮ መኖራቸውን ባውቅ አምና ፀሐይ ላይ ባልዋልኩ።

አቧራውን ጨርቅ አስረሽ ተከላከይው።

ባለመስታወቱ


ማክሰኞ
ከካምፕ

ጌታው፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጣራው በመጠገኑ ደስ ብሎኛል። መስታወቱ ባለመሰንጠቁ ደስ ብሎኛል። ከዚህ ሌላ የሚያስደስት ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

«ምሳ በልተዋል?»

ይቺን ቃል ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ችካል ሲተከል እሷ፣ ከፍታ ሳነብ እሷ። የመለኪያ ዘንግ ያዡ «ንባቡን ድገሚልን» ቢለኝ «ምሳ በልተዋል» ልለው ምንም አልቀረኝ። እኔ የምልህ፣ ለግብር ሠራተኛ ምሳህ ምኗ ነው? አንጀትህ ላይ ግብር ተጣለ እንዴ?

ስለ ጣራው አንድ መስመር፣ ስለ አፍንጫዬ አንድ መስመር፣ ስለ እሷ ድምፅ ግን ወረቀቱ አልበቃ ብሎህ ጠርዙ ላይ ወጥተሃል። «እንደ መስታወት ጥርት ያለ!» ከተጋባን ጀምሮ የኔን ድምፅ ከምን ጋር አመሳስለኸው ታውቃለህ? አንዴ። ከዶዘር ጋር።

ስም ከሌላት እኔ ላውጣላት፤ መረዋ ትባል። እንግዲህ ስለ መረዋ ንገረኝ። ዕድሜዋ ስንት ይሆናል? ባል አላት? ከዚያ ወዲህስ ደውላለች? ከሥራ ሰዓት ውጭ ትደውላለች? ዝም ስትል የምትጠብቅህ ለምንድነው፣ እኔ ዝም ስትል ስጮህብህ ኖሬአለሁ ለማለት ነው?

ደግሞ ዕዳ አለብህ ሲባል ማኅተም ያለው ወረቀት አይላክም ወይ? የካምፑ ሒሳብ ሹም በስልክ የሚያልቅ ግብር አላውቅም አለኝ። ብቻ እሱ ይቆየኝ። መጀመሪያ የዕድሜዋን ነገር ንገረኝ።

ዶዘሯ


ዓርብ
ከሱቅ

አለቃዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ስቄ ስቄ ደንበኛ አስደነገጥኩ። ዶዘሩን ይቅር በይኝ፤ በፍቅር ነበር ያልኩት።

ዕድሜዋን አላውቅም። ባል ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ ይህንን ለመጠየቅ አፌም አይታዘዝልኝ። ከዚያ ወዲህ ደውላለች ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ጉዳዩ ስላላለቀ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ላልሽው ደግሞ አንዴ ሱቅ ዘግቼ ስወጣ ደውላ እስከ ቤት በር ድረስ ሸኘችኝ። በስልክ ነው እንግዲህ፣ ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ! ቢሮው ውስጥ ሰው ስለሚበዛ ረጋ ብላ ልታናግረኝ ፈልጋ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ አባቴን ያስታውሱኛል» ነው ያለችኝ። አባቷን፣ አለቃዬ! እንደ አባት የታየ ሰው ላይ ይቀናል?

የወረቀቱን ነገር እኔም አንስቼባት ነበር። «ወረቀት ከወጣ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ በስልክ እያለ ግን እኔ እጅ ላይ ነው» አለችኝ። ፋይሉ እስኪዘጋም ለማንም እንዳልናገር፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ግን ይኸው ላንቺ ጻፍኩልሽ። ከዚህ በላይ ምን ታማኝነት ትፈልጊያለሽ?

ካላመንሽኝ ቁጥሯን ከደብዳቤው ግርጌ ጽፌዋለሁ። ደውለሽ ጠይቂያት። በጨዋ ደንብ ግን፤ ልጅቷ ሥራ ላይ ናት።

ባለመስታወቱ


ረቡዕ
ከካምፕ

ጌታው፣

ስለ ቁጥሩ አመሰግናለሁ። አልደውልም። ባሏን ለማስመለስ የሰው ስልክ የምትቀጠቅጥ ሴት አይደለሁም፤ እናቴም እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም። አልቀደድኩትም ግን። ትራሴ ሥር አለ።

ሹፌሩን እንዳትቀየመው፤ በሻይ አባብዬ ያስለፈለፍኩት እኔ ነኝ። በጠራራ ፀሐይ የሱቅህ በር ገርበብ ብሎ አገኘው። አንተ ከኋላ፣ ስልኩን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ወዲያ ወዲህ ትላለህ። ሲያይህ በእጅህ «ቆይ» ብለህ ጀርባህን ሰጠኸው። የኔን ደብዳቤ ሳትከፍት ኪስህ ከተትከው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔ ሻዩን ሳማስል ነበር፤ ስኳር ግን አልጨመርኩበትም።

«ደግሞ ተላጭቷል» አለኝ። እኔ በሌለሁበት ለማን ነው የምትላጨው?

እዚህ ያለሁበትን ታውቃለህ? የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው የምተኛው። ቀን ይጋላል፣ ማታ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ነገር ቢኖር አንተ ፍሬም ያደረግህልኝ የሠርጋችን ፎቶ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አሁን ደግሞ መልሼ አዙሬዋለሁ፤ ጀርባውን ማየት ባሰብኝ።

እኔን ስታናግር ቃልህ «እሺ» ነው፣ «ይሁን» ነው፣ «እናያለን» ነው። ከእሷ ጋር ምን ስታወራ ነው በር ገርበብ የምታደርገው? ከሌላው ሁሉ ይህን አንዱን መልስልኝ። ምን ምን ነው የነገርካት?

ቀያሽዋ


ቅዳሜ

አለቃዬ፣

እንዳልተቀየምኩ እወቂልኝ። የተላጨሁት ጢሜ አሳክኮኝ ነው።

ለዋናው ጥያቄሽ አሁን መልስ የለኝም። ጊዜ ስጪኝ። ክፍሉን የሚሸጥልንን አከራያችንን የክፍያውን ቀጠሮ እንዲያራዝምልን ለምኜዋለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ። የባንካችንን አካውንት ለጊዜው በስልክሽ እንዳትከፍቺው፤ ሲስተሙ እየታደሰ ነው ተብያለሁ። በዚህ ሳምንት ለመምጣት እንዳታስቢ። ሥራ በዝቶብኛል።

ደህና ሁኚ።


ሰኞ
ከካባው ሥር

ሰላምታው ይቅር። ይህን ደብዳቤ የሰጠህን ሹፌር አጠገብህ አቁመውና አንብብ። ስልክ ጆሮህ ላይ ካለ ዝጋው። አሁኑኑ! ዘጋኸው? እንግዲህ ስማኝ።

ደወልኩላት።

አልደውልም ያልኩትን አውቃለሁ። ያቺ ቅዳሜ የጻፍካት ቁራጭ ደብዳቤ ግን አሳበደችኝ። «ለመምጣት እንዳታስቢ» ይባላል? ሥራዬን ጥዬ ቁጥሯን ይዤ ካባው አናት ወጣሁ። «እኔ ሚስቱ ነኝ፤ አንቺስ ማን ነሽ?» የምትለዋን እስከ አናቱ ድረስ ስለማመዳት ነው የወጣሁት።

አነሳች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ግብር ቢሮ፤ በምን ልታዘዝ?»

እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፅዋ ያምራል። የተለማመድኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ቀረ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ የግብር ነገር አሳስቦኝ ነው» አልኳት። የሆነ ነገር ብትነግረኝ፣ ስላንተ አንድ ቃል ቢያመልጣት ብዬ መሰለኝ።

«አይዞዎት እትዬ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግን፣ ምሳ በልተዋል?»

 «አልበላሁም» አልኳት።

«ውይ! እርስዎ እናቴን ያስታውሱኛል» አለች።

እናቷን! ከሳምንት በፊት አባቷ ተገኝቶ ነበር፣ አሁን እናቷም ተገኘች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ከኋላዋ ሌሎች ድምፆች ይሰማሉ። አንድ ጎረምሳ ለሌላ ሰው «እማማ፣ ምሳ በልተዋል?» ይላል። ከወዲያ ደግሞ ሌላዋ «ምሕረቱ በዚህ ወር ይዘጋል» ትላለች። አንድ ክፍል ሙሉ መረዋ ነው፣ ጌታው! አንድ ክፍል ሙሉ!

ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች። የባንክ አካውንቴ በስልክ ይሠራ እንደሆን ጠየቀችኝ። «አሁን ኮድ ይላክልዎታል፤ ለማንም አይንገሩ፣ ለእኔ ብቻ ያንብቡልኝ» አለች።

«በአካል ብመጣስ? የት መስኮት ልጠይቅሽ?» አልኳት።

 ያ ጥርት ያለ ድምፅ ደፈረሰ። «በአካል ከመጡ ይታሰራሉ።»

«ግድ የለም፤ የት መጥቼ ልታሰር?» ብላት ዘጋችብኝ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልንገርህ። ደስ አለኝ። ሌባ ናት እንጂ ውሽማ አይደለችም ብዬ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ቤቷ ሌባ ገብቶ የምትስቅ! ከዚያ ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። አካውንቱን እንዳትከፍቺው። ቀጠሮ አራዝሜያለሁ። ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

ደወልኩልህ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ከማን ጋር እንደተያዘ አውቃለሁ። መልእክትም ጻፍኩልህ፤ ሄዶ ይሁን አይሁን ኔትወርኩ አይነግረኝም። ሹፌሩን መኪናው እንደተነሳ ነው ያቆምኩት፤ ይህን ኮፈኑ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው።

ኮድ ተልኮልህ ከሆነ አታንብብላት። የላከችልህ ሊንክ ካለ አትንካው። መልሳ ብትደውል አታንሳ፤ ብታለቅስም አታንሳ። ሱቁን ዝጋና ሹፌሩ ባንክ ድረስ ያድርስህ። መስኮቱ ላይ ቆመህ «አካውንቴን አግዱልኝ» በላቸው። ማፈሩ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ግብር ቢሮ በእግርህ ግባና እውነተኛውን ሰው በአፍህ ጠይቅ።

ሂድ። የቀረውን በኋላ እጣላሃለሁ።


ረቡዕ
ከቤት

አለቃዬ፣

ሹፌሩ ሲደርስ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። ኮዱ ገብቶልኝ ከመጀመሪያው ላይ ማንበብ ጀምሬላት ነበር። ሰውየው በሩን በርግዶ ገባና ደብዳቤውን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «አንድ ጊዜ ቆዪኝ» አልኳት። «ጋሼ፣ ኮዱ ጊዜው ያልፋል፣ ይፍጠኑ!» አለች። እንደዚያ ቸኩላ ሰምቻት አላውቅም። «ዝጋው። አሁኑኑ!» ከምትለው ቃልሽ ላይ ዓይኔ አረፈ። ያንቺ ጽሕፈት ሲቆጣ ወረቀቱን ይበሳዋል። ዘጋሁት።

ባንክ እስክንደርስ ስልኩ መጮሁን አላቆመም። ሹፌሩ ተቀብሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሁለት ነገር ጠይቃኝ ወዲያው አገደችው። ዋናው ገንዘባችን አለ። ይህን ካነበብሽ በኋላ ትንሽ ተንፍሺ።

የቀረው ደግሞ እንዲህ ነው። «ለምሕረቱ ማስያዣ» ብላ አስቀድማ አስልካኝ የነበረው ሄዷል። የላክሁት በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት ነው። የቢሮ ገንዘብ በሰው ስም እንዴት ይገባል ብዬ አልጠየቅኩም አይደለም፤ ጠየቅኩ፣ «የገንዘብ ያዣችን ነው» አለችኝ፣ አመንኩ። ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁ። ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ ተስፋ አልሰጠኝም። ክፍሉን በዚህ ዓመት መግዛት አንችልም። ያቺን የቅዳሜ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ገንዘቡ መጉደሉን ስለማውቅ ነው፤ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፣ ግን ኮዱን ካነበብኩላት ማስያዣው እንደሚመለስ ነግራኝ ነበር። ሌላ ሴት ይዞ የጠፋ ባል ሆኜ ብታይኝ ሞኝ ሆኜ ከምታይኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። ይቅር በይኝ።

ግብር ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉ ያው ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እያዛጋ ስሜን ፈለገ። «ዕዳ የለብህም» አለኝ።

«በስልክ ግን አለብህ ተብዬ...»

«ዕዳ ቢኖርብህ በማኅተም በወረቀት እናሳውቅሃለን፤ በቢሮው ስም ባንክ ከፍለህ ደረሰኝህን ትይዛለህ። ኮድ የሚጠይቅ ሠራተኛ የለንም።»

«ቁጥሬን ታውቃለች እኮ!»

ከወረቀቶቼ ጋር ካቀበልኩት ውስጥ የሱቄን ደረሰኝ አወጣና በጣቱ ጠቆመኝ። የግብር ከፋይ ቁጥሬ ግርጌው ላይ ታትሟል። ለደንበኛ ሁሉ ስሰጠው የኖርኩት ወረቀት ነው። «ቀጣይ!» አለ። እንዲህ የሚያስደስት ግልምጫ ተገላምጬ አላውቅም።

ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ባልቴት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔን ምሳ በልተዋል ያለኝ ወንድ ነበር። ነገ ገንዘቡን ልልክለት ነው» አሉ። ባንክ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። እስካሁን ያላፈርኩትን ያህል እዚያ ነው ያፈርኩት፤ ታሪኬን ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሰው እየሰማ መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። ሱቅ ስመለስ ደግሞ የፊት መስታወቴ ላይ በቀለም ጻፍኩ። «ግብር ቢሮ በስልክ ኮድ አይጠይቅም። የተታለለ ሰው ማየት የሚፈልግ ገብቶ ያናግረኝ።» ባለ ፎቶ ኮፒው ጎረቤታችን ሊስቅብኝ ገባና ቁጭ ብሎ ሰምቶኝ ሄደ። ለእሱም ደውለውለታል።

አሁን ለዋናው ጥያቄሽ። ምን ምን ነገርኳት?

ወገቤ እንደሚያመኝ ነገርኳት። ትልቁን መስታወት ብቻዬን ማንሳት ካቃተኝ ቆይቷል፤ የሆቴሉንም ተሸካሚ ቀጥሬ ነው ያወጣሁት። ቤት ስገባ ድምፅ እንዲኖር ሬዲዮ ከፍቼ እንደምተወው ነገርኳት። ቆሜ እንደምበላ ነገርኳት። መስታወት መቁረጥ እንደሰለቸኝ፣ ክፍሉን ብንገዛው ዕድሜ ልኬን እዚያ ልታሰር ነው ብዬ እንደምፈራ፣ ይህንን ደግሞ አንቺ ለዚያ ክፍል ብለሽ አቧራ ስትበዪ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ እንደጨነቀኝ ነገርኳት።

ለምን ለእሷ እንደሆነ ስትጠይቂኝ ይታየኛል። ስለጠየቀችኝ ነው። አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ጣራው ነው። ልወቅስሽ አይደለም፤ ጣራውም ያፈስ ነበር። ግን አንድ ሰው «እንዴት ዋሉ?» ብሎ መልሱን እስኪሰማ ሲጠብቅ፣ የተጠየቀው ሰው በሩን ራሱ ከፍቶ ያስገባዋል። እኔ እንደዚያ ነው የሆንኩት።

ባልሽ


እሑድ
ከካምፕ

ጌታው፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ ሰነበትኩ። ቶሎ ያልመለስኩት ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ስለቀደድኩ ነው። የመጀመሪያው ስድብ ነበር። ሁለተኛው ልቅሶ ነበር። ሦስተኛው ስለ ጣራው ነበር።

ገንዘቡ አናዶኛል፣ አልዋሽህም። ያ የሄደው ፀሐይ ላይ የቆምኩበት ነው። ትናንት አለቃው ጋ ገብቼ ኮንትራቴን አራዘምኩ። ዝናቡ እስኪገባ እዚህ ነኝ። ክፍሉን ግን ለጊዜው እንተወው። ሻጩን ሰውዬ «ሐሳባችንን ቀይረናል» በለው። ምን እንደምንሠራበት ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ አንተ የማትፈልገውን ክፍል ልገዛልህ አይደለም እዚህ የምቃጠለው።

ካምፑ ውስጥ ታሪኩን ተናግሬአለሁ። ስምህን አላነሳሁም፤ «አንድ የማውቀው ሰው» አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፣ አወቁ። ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ጀምሮ ሁሉም ስልኩን አወጣ። የሒሳብ ሹሙ እንኳ የሚስቱን ቁጥር ፍለጋ ካባው አናት ሲሮጥ አየሁት።

«አሁንም ትቀናለች ወይ?» ብለህ ሹፌሩን ጠይቀኸዋል። እሱ «አላውቅም» ብሎህ ሄደ። እኔ ልመልስልህ።

አዎ፣ እቀናለሁ። አሁን ነው የባሰብኝ። ውሽማ ብትሆን ኖሮ ጸጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ሌባ ናት። አንድም ቀን አይታህ አታውቅም፤ ስልኩን ስትዘጋ ወደሚቀጥለው አባቷ ነው የምትደውለው። እንዲያም ሆኖ ወገብህ እንደሚያምህ ከእኔ ቀድማ አወቀች። ቆመህ እንደምትበላ ከእኔ ቀድማ አወቀች። እኔ ሚስትህ፣ የሆቴሉን መስታወት ብቻህን አንስተህ አውጥተኸዋል ብዬ እዚህ ለሰው ስኩራራብህ ነበር። የሰረቀችኝ ይሄ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ምን ብዬ ላስመዝግበው?

መጠየቅ አላውቅበትም። ከፍታ ስትለካ የምትኖር ሰው ስለሚለካ ነገር ብቻ መጠየቅ ይቀናታል። ጣራ ያፈሳል ወይ አያፈስም፤ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ትናንት ዘንግ ያዡን «እንዴት ነህ?» ብዬው መልሱን ጠበቅሁ። ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከዚህ ነው የምጀምረው እንግዲህ፣ ታገሠኝ።

ቅዳሜ ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ከሹፌሩ ጋር እወርዳለሁ። ቤቱን እንዳታጸዳው። ወገብህን እንዳትደብቀኝ። ሬዲዮውን ዝጋውና ተቀመጥ፤ እኔም እቀመጣለሁ። ለእሷ የነገርካትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ስልክ ጀምረህ፣ ለእኔ ደግሞ ንገረኝ። አላቋርጥህም። ባቋርጥህም ቀጥል።

ስትጨርስ ደግሞ ለእሷ ያልነገርካትን አንድ ነገር ጨምርልኝ። ትልቅ ባይሆንም ግድ የለኝም። እሱ የእኔ ብቻ ይሁን።